ደጋኑ ዝቅ የሚልበት ቦታ

ሳጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤ የሄድኩ ዕለት ከታክሲ እንደወረድኩ ፍተሻ ላይ ተያዝኩ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ሽቦ የሚንጠለጠልበት ነገር ታቅፎ መሄድ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል፤ በፈታሹ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላሳልፍም ነበር። ከጫማ ካርቶን ትንሽ ከፍ የሚል የእንጨት ሳጥን ነው። በአንድ ጎኑ ስፒከር፣ በሌላው ቀይ መብራት አለው፤ ከጀርባው ደግሞ ጫፉ ላይ ሳንቲም የምታክል ማይክ ያለችበት ረጅም ገመድ ይወጣል። ፈታሹ ገልብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ማሲንቆ ሲጫወቱለት ሰምቶ የሚመልስ ማሽን ነው አልኩት። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም ያንኑ ጠየቀኝ፣ ያንኑ መለስኩ። ተያዩ። ለእስረኛ የሚገባ አለመሆኑን ደጋግመው ካረጋገጡ በኋላ፣ ከኋላዬ ምሳ ቋጥረው የቆሙት ጠያቂዎች ማጉረምረም ስለጀመሩ ይመስለኛል፣ ለቀቁኝ።

አልተቀየምኳቸውም። እኔ ራሴ ሰው አላምንም። እኛ ቤት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚጠና ነበር። ሥራዬም ቢሆን አላሻሻለኝም። ሳሪስ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የፋብሪካ ማሽኖችን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ እጠግናለሁ። ሰሌዳውን ይዞ የሚመጣው ሁሉ «ማንም አልነካውም፣ ራሱ ነው የቆመው» ይለኛል። ስከፍተው ሁሌም አንድ ሰው ነክቶታል።

ሳጥኑን የሠራሁት በንዴት ነው። የሠርግ ኪቦርድ ያናድደኛል። ሰውዬው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከበሮውንም ክራሩንም ጭብጨባውንም ያስነሳና እጁን ኪሱ ከትቶ ዘፋኟን ያያል። ማሽኑ ዘፋኟ ትድከም አትድከም፣ ታዳሚው ይነሳ አይነሳ ጉዳዩ አይደለም። ብትስል እንኳ አይጠብቃትም። እኔ የፈለግኩት የሚሰማ ማሽን ነበር። የተቀዳ ዜማ በሆዱ የሌለው፣ ሰውዬው አሁን እዚህ ከሚጫወተው ተነስቶ የራሱን የሚያመጣ፤ ሰውዬውም ማሽኑ ያመጣውን ሰምቶ ሐሳቡን የሚቀይርበት። ሁለቱም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ እየፈጠሩ የሚሄዱበት። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለአዝማሪ የዕለት እንጀራው ነው። ስለዚህ ማሽኑን ከአዝማሪ ጋር ካላጫወትኩት ሠራሁት ማለት አልችልም ነበር።

የማውቃቸው አዝማሪዎች ቃሊቲ ያደግኩበት ግቢ ጎረቤቶቻችን፣ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየዋን እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። ጋሼ ማሲንቆ ይመታሉ፣ እትዬ ይዘፍኑ ነበር። ነበር የምለው ከጥቂት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ስለተያዘ ነው። ሲሻላቸው ግድግዳ ይዘው መራመድ ጀመሩ፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ጋሼም ማሲንቋቸውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት። አንድ ጊዜ ለምን ብቻዎን አይጫወቱም ብያቸው፣ ብቻውን የሚጫወት አዝማሪ ዲያቆን እንደሌለው ቄስ ነው፣ መቀደስ አይችልም አሉኝ።

በዚያ ክረምት ድሮ ይጫወቱበት የነበረው የቃሊቲ ግሮሰሪ ባለቤት ቤታቸው ድረስ መጣ። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ተመልሰው እንዲጫወቱለት ፈለገ፤ አብራቸው የምትዘፍን ሌላ ሴት እሱው ሊያመጣላቸው ይችላል። ይህን ሲናገር እትዬ በሩ ሥር ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ሌላ ሴት አይሆንም ብለው ሸኙት። ሰውዬው ግን በሩን አልዘጋም፣ ሐሳብ ከቀየሩ ቦታው አለ ብሎ ሄደ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ማሲንቋቸውን እያወረዱ አቧራውን ይጠርጉ እንደነበር ያየሁት እኔ ነኝ። መጫወት አምሯቸዋል፤ ግን ከማን ጋር?

ስለ ሳጥኑ የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ድምፁ የሴት ነው የወንድ?»

«የማንም አይደለም ጋሼ። የራሱ ድምፅ ነው።»

«እንግዲያማ ሐሜት የለውም» አሉና ተስማሙ። ፍልሰታ ሳትፈታ ግን ደጋን እንደማያነሱ አስጠነቀቁኝ።

ጉዳዩ ግልጽ ነበር። ሳጥኑ አብሯቸው መጫወት ከቻለ ጋሼ ለዋዜማው ይመለሳሉ። ካልቻለ ማሲንቆው ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ይመለሳል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሁለተኛ የሚወርድ አይመስለኝም ነበር።

ፍልሰታ እንደተፈታች፣ በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሳጥኑ እንዳይሳሳት ብዬ ማይኳን የማሲንቆው ቆዳ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። ጋሼ ቆዳው እንዳይላጥ እጄን በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ ደጋኑን አነሱ። እጃቸው ወዲያው ዘመድ እንዳገኘ ሰው ተፈታ፣ ባቲውን ለቀቁት። ሳጥኑ ቀይ መብራቱን አብርቶ ሰማ። ሰማ፣ ሰማ። አንዲት ድምፅ አላወጣም። ገመዱን ነቀነቅኩ፣ ላፕቶፔን አየሁ፤ ሁሉም ይሠራል። ጋሼ ደክሟቸው ደጋኑን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ይናገራል?»

«መናገር ነበረበት።»

«የሚሰማና የማይናገር እኛ ጆሮ ጠቢ ነው የምንለው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ አንድ ጠጅ ቤት ሲጫወቱ አንዱ ታዳሚ ግጥም ይሰጣቸዋል። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም መልሶ መዝፈን ሥራው ነውና ዘፈኑት። ጥግ ላይ ጠጁን ሳይነካ፣ ሳያጨበጭብ የተቀመጠ ሰው ነበር። በማግስቱ ጋሼን ወሰዷቸው፤ ግጥሙን የሰጠውን ሰው ግን ማንም አልነካውም። የተለቀቁት እትዬ ያላንኳኩት በር ስላልነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የማያጨበጭብ ሰው ካዩ ግጥሙን ይውጡታል። ይህን አውርተው ሲጨርሱ ተነስተው ጋቢያቸውን ሳጥኑ ላይ ጣሉበትና ወደ እትዬ ዞረው ስለ መድኃኒታቸው ጠየቋቸው። ማሽኑ እየሰማ የቤት ጉዳይ አይወራም ማለታቸው ነበር።

የተቀዳው ድምፅ የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ከሳጥኑ እንደማይወጣ፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር እንዳልተገጠመለት አስረዳሁ። እንድምል ጠየቁኝ፣ ማልኩ። ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

እኔ ደግሞ በበኩሌ እሳቸውን ጠረጠርኩ። ሳጥኑን የሠራሁት ተጫዋቹ ሲያቆም እንዲገባ አድርጌ ነው። ጋሼ ግን አያቆሙም። ደጋኑ ሲሄድ ሲመጣ፣ ሲሄድ ሲመጣ፣ በመሀሉ መርፌ የምታስገባ ክፍተት የለም። የድሮ አዝማሪዎች ተፎካካሪ ሲያዳምጣቸው እጃቸውን እንደሚደብቁ ሰምቻለሁ፤ የባሰባቸው ጀርባ ሰጥተው ይጫወታሉ ይባላል። ሰውዬው ሆን ብለው በር ዘግተውብኛል አልኩ ለራሴ። ትንሽ ቆም ይበሉለት ብዬ ስለምናቸው፣ ደጋን ከቆመ ታዳሚው ሂሳብ ጠይቆ ይሄዳል አሉኝ።

በቀጣዩ እሑድ ግን ለእኔ ብለው ቆም ለማለት ተስማሙ። ቆሙ። ሳጥኑ ገባ፣ የራሱን አለ፣ ጨረሰ፣ ጠበቀ። ጋሼም እንግዳ ሲናገር አያቋርጡምና ጠበቁ። ሳጥኑ የጨረሰ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጀመሩ። ሲያቆሙ ሳጥኑ መጨረሳቸውን አረጋግጦ ጀመረ። በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ ሽማግሌዎች ሆኑብኝ። ስህተት አልነበረውም፤ ጨዋታም አልነበረውም። ጋሼ ማሲንቆውን አስቀምጠው፣ በጣም በትሕትና፣ ጨዋ ማሽን ነው አሉኝ። ስድብ መሆኑ ገብቶኛል።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ወርክሾፕ ውስጥ ሳጥኑ ያስቀረውን የጋሼን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ከፍቼ ስክሪኑ ላይ አየሁት። መጠርጠር አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሰው የማያየውን ደጋግመሽ ታያለሽ። ደጋኑ አይቆምም፣ እውነት ነው። ግን የሆነ ቦታ ሲደርስ ዝቅ ይላል። በጣም ዝቅ ይልና አንድ ድምፅ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። በዚያ ዝቅታ ውስጥ የሚሆን ምንም ነገር የለም። ባዶ ነው።

እኔ ሳጥኑን ለምን እስኪያቆሙ እንዲጠብቅ እንዳደረግኩት ያን ቀን ነው የገባኝ። ልጅ ሆኜ ትልቅ ሰው ሲያወራ አፌን ከከፈትኩ እናቴ እንግዳው ሳያይ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር። ኮዱን እኔ ጻፍኩት እንጂ ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ታላቅ ሳይጨርስ አትግቢ። ማሲንቆው ግን መጨረስን አያውቅም። የሚገባበት ሰው ደጋኑ ዝቅ ሲል፣ እላዩ ላይ ነው መግባት ያለበት። በጣም ደስ ስላለኝ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ወደ ቃሊቲ በረርኩ።

ጋሼ ቅጂውን ሰምተው ፊታቸው ተለወጠ። እኔ እንዲህ አልጫወትም አሉ። ደጋኔን ዝቅ አላደርግም፣ ምን ብዬ ዝቅ አደርጋለሁ? ድጋሚ አሰማኋቸው። አሁን ደግሞ ማሽኑ ድምፄን ቀይሮታል አሉ፤ ከዚያ ማሽኑን ተዉትና ወደ እኔ መጡ።

«የገዛ እጄን አላውቀውም ነው የምትይኝ?»

«ጋሼ፣ ምንም አልነካሁትም።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴንም አሳፈረኝ፤ ወርክሾፕ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰማት ቃል ናት። ጋሼ ትንሽ ተቆጡ፣ ትንሽ ተከራከርን። ሽማግሌው ወይ እጃቸውን እየደበቁኝ ነው፣ ወይ ደግሞ አርጅተው ረስተውታል ብዬ ደመደምኩ። ስንከራከር እትዬ በሩ ሥር ነበሩ። ሳጥኑን አላዩትም፣ እኔንም አላዩኝም። የጋሼን ቀኝ እጅ ብቻ ያዩ ነበር። ይህን ያን ዕለትም አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉ ላይ የሚዞረው ጥርጣሬዬ እሳቸው ላይ ደርሶ አያውቅም። መናገር የማይችል ሰው ምን ይደብቃል ብዬ ነው መሰለኝ።

ሳጥኑን ቀየርኩት። ደጋኑ ዝቅ ብሎ አንድ ድምፅ ላይ ሲንጠለጠል እንዲገባ፣ ደጋኑ መነሳት ሲጀምር ቀስ ብሎ እንዲወጣ አደረግኩት። ከማሲንቆው የሰማውን ጫፍ ይዞ ወደ ሌላ እንዲወስደውም አደረግኩ፤ እንዳይደግመው፣ በጣምም እንዳይርቅ። ድምፁን ከዋሽንት ወፈር ያለ፣ ትንፋሽ የሚሰማበት አድርጌዋለሁ። የወርክሾፑ ባልደረባዬ የሴት ድምፅ ብታደርጊው ይሸጣል ብሎኝ ነበር፤ ደስ አላለኝም፣ ተውኩት።

ዋዜማው ሲቃረብ፣ የመጨረሻው እሑድ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበርና ጋሼ በቀን አምፖል አብርተዋል። ከውጭ ወደ መጋዘኖቹ የሚገቡ ከባድ መኪናዎች ጭቃውን ሲያንቦጫርቁት ይሰማል። የሳጥኑን የመብራት ገመድ እንደ ሌላው ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ጎን ካለው ሶኬት ላይ ሰካሁ። ጋሼ ከዚያ ክርክር በኋላ ብዙም አላናገሩኝም፤ የግሮሰሪው ሰውዬ ግን ትናንት ደውሎ እንደነበርና እስከ ነገ መልስ እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። እትዬ ቦታቸው ላይ ናቸው። እንደምን ዋሉ አልኳቸው፣ በግራ እጃቸው እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

ጋሼ ትዝታ ጀመሩ። የሚያስቡትን አውቃለሁ፣ ይቺ ልጅ የምትለው ዝቅታ የታለ እያሉ ነው። በዓይናቸው ጠርዝ የራሳቸውን ደጋን ይጠብቁታል። ጥቂት እንደሄዱ ግን ጨዋታው ወሰዳቸው፣ ዓይናቸው ተከደነ። ያን ጊዜ ደጋኑ ዝቅ አለ።

ሳጥኑ ገባ።

ጋሼ አልደነገጡም። ደጋኑን እዚያው ዝቅታው ላይ ይዘው ሰሙት፣ ሳጥኑ መጨረሻ ላይ ያመጣትን ጠማማ ድምፅ ተቀብለው ሲነሱ ወደማላውቀው ቦታ ወሰዷት። እንደገና ዝቅ አሉ፣ እንደገና ገባ። አሁን ሳጥኑ የጋሼን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ጋሼ ተከተሉት፣ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ መጣ። ሁለቱም ምን እንደሚመጣ አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የቆመ ማሽን ሲነሳ ከሚሰማኝ ጋር አይገናኝም። ይኼ ሥራዬ ነው፣ ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ለዋዜማው ይደርሳል አልኩ በልቤ።

ለሦስተኛ ጊዜ ደጋኑ ዝቅ ሲል ሳጥኑ አልገባም። ቀይ መብራቱ ጠፍቷል። መብራት ሄደ ብዬ ቀና አልኩ፤ አምፖሉ በርቷል። ላፕቶፔን አየሁ፣ ምንም አልነገረኝም። ገመዱን በእጄ እየተከተልኩ ዞርኩ። ገመዱ ወለሉን አቋርጦ ወደ ቁም ሳጥኑ ይሄዳል፤ ጫፉ ግን ግድግዳው ላይ የለም። እትዬ ግራ እጅ ውስጥ ነው።

ከወንበራቸው ሲነሱ ማናችንም አላየንም። ያን ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ሄደዋል፣ ጎንበስ ብለው ነቅለውታል፤ አሁን ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ቆመዋል። ያለክካሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ነው፤ ከታመሙ ወዲህ ማንም የሚቆጡ አድርጎ ያሰባቸው ሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ ይወድቁብኛል እኮ» ብዬ ተነሳሁ።

«ተያት» አሉ ጋሼ።

ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ማሲንቆውን አላስቀመጡም። ደጋኑ አሁንም ዝቅ እንዳለ አንዷን ድምፅ ይዟል፤ የገዛ እጃቸውን እንደማያውቁት ሰው እጅ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። ያ ባዶ የማን ቦታ እንደነበረ እኔም ሆንኩ እሳቸው እኩል ነው የገባን። ያን ሁሉ ጊዜ በር የዘጋ አልነበረም። እጃቸው ሳያስፈቅዳቸው፣ በየዝቅታው፣ ለእትዬ ቦታ ሲተው ነበር፤ እኔ ደግሞ ማሽን አስገብቼበታለሁ።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቃል አይደለም፣ ዜማም አይደለም፤ ከጉሮሮ ተቆርጦ የሚመጣ፣ ግማሹ አየር የሆነ ነገር ነው። አቆሙ። ትንፋሽ ወሰዱ። ጋሼ ደጋኑን አላነሱም፣ አላስቸኮሏቸውም፤ ያቺኑ ድምፅ ቀጭን አድርገው ያዙላቸው። እትዬ እንደገና ሞከሩ።

እኔ የገመዱን ጫፍ ልቀበላቸው ብዬ እጄን ዘርግቼ መሀል ቤት ቆሜያለሁ። እትዬ አዩኝ። አልሰጡኝም።